ውበትን መዳኘት፦ የቼዝ እንቆቅልሽ ሽልማት ከሰንጠረዥ ዘመን እስከ ኮምፒውተር

ሆላንዳዊው ሃሮልድ ቫን ደር ሄይደን በዓለም ላይ የታተሙ የቼዝ ጥናቶችን አንድ በአንድ ሲያሰባስብ የኖረ ሰው ነው። በቼዝ ሰዎች ዘንድ ጥናት የሚባለው አንድ ደራሲ አስቦ የደረደረው፣ ነጭ እንዲያሸንፍ ወይም አቻ እንዲወጣ የሚጠይቅ የጨዋታ መጨረሻ አቀማመጥ ነው። ይህ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2005 67,691 ጥናቶች ነበሩት፤ በ2010 76,132፣ በ2015 85,619፣ በ2020 ደግሞ 93,839 ደረሰ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከሲሶ በላይ አደገ ማለት ነው። ጭማሪውን በየአምስት ዓመቱ ከፍለን ስናየው መጀመሪያ 8,441፣ ቀጥሎ 9,487፣ በመጨረሻ 8,220 ይሆናል። ከአሮጌ ጋዜጦችና መጽሔቶች ተለቅመው የገቡም ስላሉበት ቁጥሩ የአዲስ ድርሰት ብቻ መለኪያ አይደለም። ያም ሆኖ ኮምፒውተር የዓለምን ሻምፒዮን ካሸነፈ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሰው እንቆቅልሽ መድረሱን እንዳላቆመ ያሳያል።

ድርሰቱ ሲበዛ የዳኛው ሥራ ይከብዳል። ከዚህ ሁሉ መካከል የትኛው ይሸለም? በምን መለኪያ? ማንስ ይፍረድ? ይህ ዳሰሳ የዳኝነቱን መንገድ ከዘመን ዘመን ይከታተላል። ጉዞው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ዳኛው በጥንት ጊዜ ሦስት ነገር ይመዝን ነበር፤ እንቆቅልሹ ስሕተት የሌለበት መሆኑን፣ አዲስ መሆኑንና ውብ መሆኑን። የመጀመሪያው ለማሽን፣ ሁለተኛው ለማኅደር ተላልፈዋል። ለሰው የቀረው ሦስተኛው ነው። ውበትን በደረጃ መመዘን ደግሞ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሰንጠረዥ፦ ሽልማት የሌለው፣ ደረጃ ያለው ዳኝነት

የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ለዘመናት የተጫወቱት ሰንጠረዥ፣ ከፋርስና ከዐረብ ምድር የመጣው የጥንቱ ሻጥራንጅ ዘመድ ነው። ፈርዙ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊሉ በማዕዘን ዘሎ ሦስተኛው ቤት ላይ ያርፋል። በአውሮፓ እነዚህ ሁለቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ንግሥትና ጳጳስ ሲሆኑ፣ በእኛ ዘንድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በጥንት ልካቸው ቆዩ። በጨዋታው መክፈቻ ላይ ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ።

ይህን ጨዋታ ካዩት የውጭ ሰዎች መካከል በ1810 አካባቢ ጨለቆት ላይ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የነበረው ሄንሪ ሶልት አንዱ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ስለ ጨዋታው ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1868 ነው። የቼዝን ታሪክ የጻፈው ሃሮልድ መሪ በ1913 እነዚህን ምስክርነቶች ሰብስቦ አቀረበ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የኢትዮጵያን ቼዝ ታሪክና ደንብ በሰፊው ዘረዘረ።

ለዚህ ዳሰሳ ዋናው ነገር ማሸነፉ ብቻ የማይበቃ መሆኑ ነው። በሰንጠረዥ ንጉሥን በምን ጠጠር አጣብቀህ እንደያዝህ ይቆጠር ነበር። በግንቡ ወይም በፈረሱ የተገኘ ድል ጥበብ ያነሰው ነው ተብሎ ብዙም አይመሰገንም። በፊሎች ወይም በፈርዙ የተገኘው ይሻላል፤ በወታደሮች፣ ማለትም በመደቆቹ፣ ንጉሥን መርታት ግን ከሁሉም በላይ የሚደነቅ ነበር። ብርቱው መሣሪያ ሥራውን ያቀልላል፤ ደካማው ግን ብዙ ዕቅድ ይጠይቃል። ጨዋታውን ከብበው የሚያዩት ሰዎችም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ምክርና ሐሳብ እየሰነዘሩ ይሳተፉ ነበር። ስለዚህ ፍርዱ በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል የሚቀር አልነበረም፤ ጨዋታ አዋቂ የሆነ ሕዝብ የሚሰጠው ነበር።

ሰንጠረዥ በወረቀት የተመዘገበ ውድድር ወይም ዋንጫ አልነበረውም። የሽልማት ዋናው ነገር ግን ነበረው፦ ሁለት ድሎች እኩል ዋጋ እንደሌላቸው የሚያውቅ፣ የጋራ መለኪያ ያለው ተመልካች። ፓንክረስት እንደሚለው ጨዋታው ከ1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፋ። ጨዋታው ሲጠፋ መለኪያውም አብሮ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመናዊ ቼዝ ማንኛውንም ድል አንድ ነጥብ ብሎ የሚቆጥር ነው።

የጋዜጣው ዘመን፦ መፈክርና የታሸገ ፖስታ

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ገና በብርታቱ ሳለ በአውሮፓና በአሜሪካ የእንቆቅልሽ ድርሰት በጋዜጣ ዓምዶች ላይ እያበበ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የለንደንና የኒውዮርክ ጋዜጦችና መጽሔቶች በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት እርምጃ ቼክሜት የሚጠይቁ አቀማመጦችን ያትሙ፣ ውድድርም ያዘጋጁ ነበር። ሳም ሎይድ የሚባለው አሜሪካዊ በ1857 የአንድ ታዋቂ የቼዝ ወርኃዊ መጽሔት የእንቆቅልሽ አዘጋጅ ሲሆን ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር።

የዚያ ዘመን ውድድር አሠራር ዛሬም የሚያስተምር ነገር አለው። ተወዳዳሪው ስሙን አይጽፍም፤ በእንቆቅልሹ አናት ላይ መፈክር ያሰፍርና ስሙን በታሸገ ፖስታ ለብቻ ይልካል። ዳኛው ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ብቻ ፖስታው ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውም አንድ እንቆቅልሽ ሳይሆን የበርካታ እንቆቅልሾች ስብስብ ነበር፤ ከስብስቡ አንዱ ስሕተት ከተገኘበት ሌሎቹም አብረው ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ይህ ደንብ ጥንቃቄን ቢሸልምም ድፍረትን ቀጣ። በጊዜ ሂደት ስብስቡ ቀርቶ እያንዳንዱ እንቆቅልሽ ለብቻው መመዘኑ አጠቃላይ ልማድ ሆነ፤ የድርሰቱ ጥራት ከፍ እንዲል ካደረጉት ለውጦች አንዱም ይኸው ነው።

ዳኞቹ ለችግሩ ክብደት፣ ለአዲስነቱና ለውበቱ ነጥብ ለየብቻ እየሰጡ መደመርን ሞክረዋል። ሆኖም በዚያ ዘመን ትልቁ ሸክም የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር፦ መፍትሔው በእርግጥ አንድ ብቻ ነው? በእጅ የሚመረምር ዳኛ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ የሚያርመውም አንባቢ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር በ1895 በግላስጎው የሆነው ነው። የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የቼዝ ዓምድ አዘጋጅ የነበረው ባርቢዬ አራት ጠጠር ብቻ ያለበትን አቀማመጥ አቻ የሚያልቅ ነው ብሎ አተመ። ነጭ ንጉሥና አንድ ወታደር አለው፤ ጥቁር ጥግ ላይ የቆመ ንጉሥና አንድ ግንብ። ወታደሩ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ እንደ ልማዱ ንግሥት ቢደረግ፣ ጥቁር ግንቡን በመስዋዕትነት ያቀርባል፤ ንግሥቷ ስትበላው ጥቁር የሚንቀሳቀስበት አጥቶ ጨዋታው አቻ ይሆናል። በከተማው ይኖር የነበረው ስፔናዊው ቄስ ፈርናንዶ ሳቬድራ ግን ወታደሩን ንግሥት ሳይሆን ግንብ አደረገው። ግንብ ሲሆን የአቻው ወጥመድ አይሠራም። ነጭ ወዲያው በጎን ረድፍ ሊገድል ይዝታል፤ ጥቁር ግንቡን ሰዶ ሲመክት፣ የነጭ ንጉሥ አንድ እርምጃ ተራምዶ ግንቡን ይነካና ሌላ ቼክሜት ይደቅናል። ጥቁር ሁለቱንም መከላከል አይችልም። ሳቬድራ ትልቅ ተጫዋች አልነበረም፤ ስሙ የሚጠራው በዚህች አንዲት እርምጃ ነው። ለዳኝነት የተረፈው ትምህርት ግን ሰፊ ነው፦ ፍርድ ከመጽናቱ በፊት ለአንባቢ መቅረብ አለበት። ዛሬ ውጤት መጀመሪያ በጊዜያዊነት ታትሞ፣ ተቃውሞ የሚቀርብበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚጸናው ከእንዲህ ዓይነት ልምድ የተነሣ ነው።

የማኅበራት ዘመን፦ አዲስነት መለኪያ ሲሆን

20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ዳኝነቱ ከጋዜጣ ዓምድ ወደ ማኅበራት ተሻገረ። በፊላደልፊያ በ1913 የተመሠረተው «ጉድ ኮምፓኒየንስ» የሚባል ክበብ እስከ 1924 ድረስ በሁለት እርምጃ ቼክሜት ላይ ተደጋጋሚ ውድድር እያካሄደ ሙሉ ትውልድ ደራሲዎችን አሠለጠነ። የብሪታንያ የቼዝ እንቆቅልሽ ማኅበር በ1918፣ የጀርመኖቹ «ሽዋልበ» በ1924 ተቋቋሙ፤ ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ።

የዚህ ዘመን ጥያቄ አዲስነት ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ እንቆቅልሾች ከታተሙ በኋላ፣ ዳኛው በፊቱ ያለው ሐሳብ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሌላ አገር መጽሔት ላይ መውጣት አለመውጣቱን በምን ያውቃል? አሜሪካዊው አላን ዋይት ከ1905 እስከ 1936 በየገናው እያሳተመ ያደላቸው 44 መጻሕፍት እንቆቅልሾችን በሐሳባቸው ዓይነት እየለዩ አቀረቡ፤ ከዚህ ጎን ለጎንም በጭብጥ የተደራጀ ግዙፍ ስብስብ አከማቸ። ዳኞች ቀደምትነትን የሚያጣሩበት ማኅደር እንዲህ ተጀመረ።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው የዚህን ደንብ ጥብቅነት ለመረዳት አይቸገርም። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፣ ቤቱ ቢመታና ሰሙ ከወርቁ ቢገጥም እንኳ ሌላ ሰው ቀድሞ የተቀኘው ከሆነ ዋጋ የለውም። በእንቆቅልሽ ዓለምም የሐሳብ መቀደም ሽልማትን ያስነጥቃል፤ ደራሲው ቀዳሚውን ሳያውቅ ቢደርሰውም ያው ነው። ልዩነቱ፣ በቅኔ ቤት ማኅደሩ የመምህሩ ጭንቅላት ሲሆን፣ በቼዝ ወረቀት፣ ኋላም ማሽን መሆኑ ነው።

ፒራንና ከዚያ በኋላ፦ የግል ጣዕም ወደ ጋራ ሥርዓት

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው በ1956 ነው። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሥር የእንቆቅልሽ ድርሰት ቋሚ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላም፣ በዚያን ጊዜ የዩጎዝላቪያ፣ ዛሬ የስሎቬኒያ ከተማ በሆነችው ፒራን፣ የድርሰት ደንብ ጸደቀ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ መጽሔት የራሱ ንጉሥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሞስኮና በለንደን ያሉ ዳኞች በአንድ ደንብ መነጋገር ጀመሩ።

ኮሚሽኑ ከጀመራቸው ሥራዎች ሁሉ ለዳኝነት ታሪክ የላቀው የዓለም አልበም ነው። የተመረጡ እንቆቅልሾችን በየሦስት ዓመቱ የሚያሰባስበው ይህ ተከታታይ ኅትመት ከ1956 እስከ 1958 የተደረሱትን በመያዝ ተጀመረ። ከዚያም አዘጋጆቹ ወደኋላ ተመልሰው ከ1914 እስከ 1944 እና ከ1945 እስከ 1955 የወጡትን ሥራዎች መረጡ። ይህ ያለፈን ዘመን እንደገና የመዳኘት ሥራ ነበር፤ በጊዜው ሽልማት ያገኘ ሁሉ አልገባም፣ በጊዜው ልብ ያልተባለም ቦታ አገኘ። ጊዜ ራሱ እንደ አንድ ዳኛ ተቆጠረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአልበሙ አሠራር ቀላልና ጥብቅ ነው። ሦስት ዳኞች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ግማሽ ነጥብም ይፈቀዳል። ከ12ቱ 8 ያገኘ ይገባል። ዳኛ በራሱ ሥራ ላይ አይፈርድም፤ ተጠባባቂ ዳኛ ይተካዋል። የማዕረግ ሥርዓቱም ከዚሁ ላይ ተገነባ፦ 12 ነጥብ ለፊዴ ማስተር፣ 25 ለዓለም አቀፍ ማስተር፣ 70 ለግራንድ ማስተር። አንድ እንቆቅልሽ 1 ነጥብ ሲያስገኝ አንድ ጥናት 1.67 ያስገኛል፤ ስለዚህ በጥናት ብቻ ግራንድ ማስተር ለመሆን 42 ሥራ በአልበሙ ማስገባት ይጠይቃል። በ1972 የመጀመሪያዎቹ አራት የድርሰት ግራንድ ማስተሮች ተሰየሙ፦ አርመናዊው ገንሪክ ካስፓርያን፣ ከሶቭየት ኅብረት ሌቭ ሎሺንስኪ፣ እንግሊዛዊው ኮሚንስ ማንስፊልድና ሆላንዳዊው ኤልትየ ቪሰርማን። ማንስፊልድ በወጣትነቱ በ«ጉድ ኮምፓኒየንስ» ውድድሮች የተሸለመ ነው፤ የክበቡ ሽልማትና የዓለሙ ማዕረግ በአንድ ሰው ዕድሜ ተገናኙ።

ይህ ሥርዓት የሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ የአንድ ዳኛ ጣዕም ብቻውን አይወስንም። ያስከተለው ጉዳትም አለ። የሦስት ሰው ድምር ሁሉንም የሚያስማማውን ሥራ ያነሣል፤ አንዱ ዳኛ እጅግ ወድዶት ሌሎቹ ያልገባቸውን ደፋር ሥራ ደግሞ ሊጥል ይችላል። ለዚህ ነው መጽሔቶች በአንድ ዳኛ የሚሰጥ ዓመታዊ ሽልማታቸውን ዛሬም ያልተዉት። በእነሱ ዘንድ ውጤቱ በሦስት እርከን ይወጣል፦ ሽልማት፣ የክብር መጠቀስ፣ ምስጋና። ዳኛውም ለእያንዳንዱ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጣል።

የማሽኑ መግባት፦ እውነት ከዳኛው እጅ ሲወጣ

በ1851 ክሊንግና ሆርዊትዝ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሁለት ጳጳሶች በአንድ ፈረስ ላይ ሲዘምቱ ፈረሱ በተወሰነ ምሽግ ቆሞ አቻ ያወጣል ብለው ጻፉ። ዓለም ይህን ለ132 ዓመት አመነ። በ1983 አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኬን ቶምፕሰን የዚህን የአምስት ጠጠር ፍጻሜ አቀማመጦች ሁሉ በማሽን ቆጥሮ፣ ሁለቱ ጳጳሶች በአጠቃላይ እንደሚያሸንፉ አረጋገጠ፤ ረጅሙ መንገድ 66 እርምጃ ይፈጃል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ በማሽን የተቆጠሩ አቀማመጦች ማኅደር እየሰፋ ሄዶ በ2012 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ሰባት ጠጠር ደረሰ። እዚያ ውስጥ እስከ ቼክሜት 549 እርምጃ የሚፈልግ አቀማመጥ ተገኝቷል።

ለዳኝነት ይህ ከፒራን ቀጥሎ ሁለተኛው ታላቅ መታጠፊያ ነው። ዳኛ በሳምንታት ድካም የሚያጣራውን ስሕተት ፕሮግራም በደቂቃዎች ያገኛል። ብዙ የድሮ ሽልማት አሸናፊዎች ሁለተኛ መፍትሔ ተገኝቶባቸው ወደቁ። በሌላ በኩል በሰው ጭንቅላት ብቻ የተደረሱ ሥራዎች ፈተናውን ሲያልፉ ክብራቸው ጨመረ። የካዛኑ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሊዮኒድ ያሮሽ በ1983 ያሳተመው ሥራ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጥቁር ወታደሩን ንግሥት ሲያደርግ ነጭም ንግሥት፣ ግንብ ሲያደርግ ግንብ፣ ጳጳስ ሲያደርግ ጳጳስ፣ ፈረስ ሲያደርግ ፈረስ እንዲያደርግ የሚያስገድድ እንቆቅልሽ ነው። ይህ ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደው አሜሪካዊው ጆሴፍ ባብሰን ትቶት ያለፈ ፈተና ነበር፤ ለረጅም ዓመታት የታገለበት ፈረንሳዊው ፒዬር ድሩማርም አይሆንም ብሎ በተወ ማግሥት ተሳካ።

ማሽኑ አዲስ ጥያቄም አመጣ። የሰባት ጠጠር ማኅደር የሚያስደንቁ አቀማመጦችን በብዛት ይዟል፤ አንድ ሰው ከዚያ ለቅሞ ቢልክ ደራሲ ነው? ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ብዙዎችን የሚያስማማው አቋም፣ አቀማመጡን ማግኘት ብቻውን ድርሰት እንደማይሆን፣ ደራሲው መግቢያ ሠርቶ ሐሳቡን ማጎልበትና ለሰው አእምሮ የሚገባ መስመር ማውጣት እንዳለበት ነው። 549 እርምጃ የሚፈጀው ድል እውነት ነው፤ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ግን ስለሌለ ማንም ሽልማት አይሰጠውም። ማሽኑ ትክክለኛነትን ሲረከብ፣ የዳኛው ድርሻ ያነሰ ይመስል ነበር፤ በተግባር ግን ውበትን የመመዘኑ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ ወደቀ። «ስሕተት የለበትም» ማለት ከአሁን በኋላ ምስጋና መሆኑ ቀርቶ የመግቢያ ሁኔታ ብቻ ሆነ።

ኮሚሽኑ በ2010 ራሱን ችሎ የዓለም የቼዝ ድርሰት ፌዴሬሽን ሲሆን ይህ ለውጥ ተጠናቅቆ ነበር። ስም መሰወሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀጥሏል፤ ፖስታው ብቻ ኢሜይል ሆነ። የውድድሩ አስተባባሪ ስሞቹን ይዞ ለዳኛው አቀማመጦቹን ብቻ ያስተላልፋል።

ከዳሰሳው የሚወጣው ለእኛ

የሁለት መቶ ዓመቱን ጉዞ ከዳር እስከ ዳር ስናየው አንድ እውነት ጎልቶ ይወጣል፦ ዳኝነቱ በየዘመኑ የሚያጣው ነገር ነበረ፤ ያላጣው የደረጃ ጣዕም ነው። ይህ ጣዕም በሰንጠረዥ ዘመን በእኛም አደባባይ ነበር። በወታደር የተገኘን ድል ከግንብ ድል በላይ ያከበረ ማኅበረሰብ፣ ዛሬ የእንቆቅልሽ ዳኞች «የጠጠር ቁጠባ» የሚሉትን መርሕ በተግባር ያውቅ ነበር፤ በትንሽ ኃይል ትልቅ ሐሳብ ማሳየት።

ይህን ጣዕም ሊመልስ የሚችል ወጣት ዛሬም አለ። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለሉት ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ወጣት ነዋሪ የሚበዛባቸው፣ ትምህርት ቤቶቻቸውም ተማሪ የሞላባቸው ናቸው። በቼዝ ጨዋታ ለመወዳደር ጉዞ፣ አዳራሽ፣ ሰዓትና ተጋጣሚ ያስፈልጋል። ለድርሰት ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ስልክ ያለው ደግሞ ስሕተቱን በነፃ ፕሮግራም ያጣራል። ስሙ በማይታይበት ውድድር የገላኑ ተማሪና የሞስኮው ግራንድ ማስተር በዳኛው ፊት እኩል ናቸው። ከስፖርቶች ሁሉ ይህን ያህል በር የተከፈተበት ጥቂት ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለትምህርት ቤት የቼዝ ክበባት ይቅረብ። የመጀመሪያው ውድድር ጭብጥ ከራሳችን ይወሰድ፦ በሁለት እርምጃ፣ በወታደር የሚሰጥ ቼክሜት። ስም በፖስታ ይታሸግ፤ ሦስት ዳኛ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይስጥ፤ ውጤቱ መጀመሪያ በጊዜያዊነት በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተማሪዎች ስሕተት እንዲፈልጉበት አንድ ወር ይቆይ፤ ለተሸለመው ሁሉ ዳኛው ለምን እንደወደደው በጽሑፍ ያስረዳ። በጽሑፍ የሚቀመጠው ምክንያት ከዋንጫው ይበልጣል፤ ዳኛና ደራሲ በአንድ መለኪያ መነጋገር የሚማሩት በእሱ ነው። በየዓመቱ የተሸለሙት ሥራዎች በአንድ ደብተር ይሰብሰቡ፤ አሥር ዓመት ሲሞላ ሌሎች ዳኞች ደብተሩን ከፍተው እንደገና ይመዝኑት። የዓለሙ አልበም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የእኛም በዚሁ ሊሠራ ይችላል።